ቲማቲም ገዢው ሙቀቱንም ይጠይቅ

የአየር ጠባይ፣ ተባይና ዋጋ በሰሜን ሸዋ ቆላና ደጋ

የቲማቲም ዋጋ በድንገት ሲሰቀል ምክንያቱን ለሚጠይቅ ሰው ገበያው የሚሰጠው መልስ የተለመደ ነው። ጾም ገብቷል፤ ነዳጅ ጨምሯል፤ መኪና ጠፍቷል፤ መንገድ ተዘግቷል፤ ደላላ በዝቷል። እያንዳንዱ መልስ በየጊዜው እውነት ሆኖ ተገኝቷል። ይሁንና ጤፍና ስንዴም የሚጓዙት በዚያው መንገድና በዚያው ነዳጅ ሆኖ ሳለ፣ ዋጋቸው እንደ ቲማቲም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እጥፍ ሆኖ ተመልሶ በግማሽ ሲወርድ አይታይም። ለዚህ አንዱ ምክንያት ቲማቲም ተከማችቶ የማይቆይ ምርት መሆኑ ነው። ሌላው ምክንያት ግን የሚገኘው ገበያው ውስጥ ሳይሆን ማሳው ውስጥ ነው። ወደ ገበያ የሚወጣውን መጠን የሚወስነው ገበሬው የተከለው ችግኝ ብቻ አይደለም። በችግኙ ላይ የሚራባው ነፍሳት ብዛትም ይወስነዋል። የነፍሳቱን ብዛት ደግሞ ሙቀትና ዝናብ ይወስኑታል።

ነጋዴው ይህን ሰንሰለት ከመጨረሻው ጫፍ፣ ማለትም ከዋጋው ብቻ ነው የሚያየው። ከመጀመሪያው ጫፍ ማየት የጀመረ ግን ከሌላው ነጋዴ ቢያንስ የጥቂት ሳምንታት ብልጫ ይኖረዋል። ለዚህ ማሳያ የሚሆን አካባቢ ከተፈለገ በቀድሞው አጠራር መንዝና ግሼ እንዲሁም መርሐቤቴ የሚባሉትን የሰሜን ሸዋ አውራጃዎችና ከግርጌያቸው ያለውን ቆላ የሚስተካከል ጥቂት ነው። እዚህ በአንድ ቀን የመኪና ጉዞ ከውርጭ ወደ ወበቅ ይወረዳል።

ከመሐል ሜዳ እስከ ጀማ

የመንዝ ጌራ ምድር ከተማ የሆነችው መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የመንዝ ደጋ የገብስ፣ የባቄላና የበግ አገር ነው። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ውርጭ ስለሚወርድ ቲማቲም ሜዳ ላይ ተክሎ ፍሬ መልቀም የማይታሰብ ነው። ከዚህ ደጋ ወደ ምሥራቅ ጠርዙን ሲወርዱ ግን 1300 ሜትር ገደማ ላይ ሸዋ ሮቢት ይገኛል። ቲማቲሙና ሽንኩርቱ በመስኖ የሚመረትበት፣ አይሱዙ የሚጫንበት ቆላ ነው። ወደ ምዕራብ በመርሐቤቴ በኩል የተሄደ እንደሆነ ደግሞ ዓለም ከተማ ከ2000 ሜትር በላይ ተቀምጣ፣ ከግርጌዋ የጀማ ሸለቆ ከ1500 ሜትር በታች ይወርዳል።

ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ይህ መልክዓ ምድር ራሱ ተጋድሞ የተቀመጠ ቴርሞሜትር ነው ቢባል ስሕተት የለውም። ሙቀቱ ሲለወጥ ነፍሳት ምን እንደሚሆኑ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከመሐል ሜዳ ወደ ሸዋ ሮቢት ወይም ወደ ጀማ መውረድ ይበቃዋል።

ከላቲን አሜሪካ የመጣች እንግዳ

ዛሬ የቲማቲም አምራቹ ቀንደኛ ጠላት ቱታ አብሶሉታ የምትባል ትንሽ የእሳት እራት ናት። የሰውነቷ ርዝመት ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያነሰ፣ ቀለሟ ግራጫ፣ በሌሊት የምትበር ነፍሳት ናት። የትውልድ አገሯ ደቡብ አሜሪካ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ስፔን ውስጥ ከታየች በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሜዲትራኒያንን አካባቢ አዳርሳ ወደ አፍሪካ ወርዳለች። በኢትዮጵያ መኖሯ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ከዚያ በፊት የአገራችን ቲማቲም አምራች የሚታገለው በዋናነት ፍሬ ከሚበሳው ጓይ ትልና ቅጠል የሚያጨማድድ ቫይረስ ከምታስተላልፈው ነጭ ዝንብ ጋር ነበር። እነሱም እስከ ዛሬ አልጠፉም፤ ቱታ በላያቸው ተጨመረች እንጂ።

ጉዳቱን የምታደርሰው እራቷ ራሷ ሳትሆን ትሏ ናት። ትሏ ከእንቁላል እንደወጣች ቅጠሉን ሰርስራ በላይኛውና በታችኛው ልጥ መካከል ትገባለች፤ ኋላም ግንዱንና ፍሬውን ትበሳለች። ቅጠሉ የተቃጠለ መስሎ ይደርቃል። ፍሬው ላይ የሚታየው የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ነጥብ ናት፤ ነገር ግን በዚያች ነጥብ በኩል መበስበስ ስለሚገባ ሳጥን ውስጥ የገባ አንድ የተበሳ ፍሬ አጠገቡ ያሉትንም ይዞ ይሄዳል። መከላከያ ባልተደረገበት ማሳ ላይ ጉዳቷ ከምርቱ 80 በመቶ አልፎ ሙሉውን ሊያጠፋ እንደሚችል በተለያዩ አገሮች ተመዝግቧል።

የ460ው ሒሳብ

ነፍሳት እንደ ሰው የራሳቸው የሰውነት ሙቀት የላቸውም። የሚያድጉት ከአየሩ በሚያገኙት ሙቀት ነው። ቱታ ከእንቁላል ተነሥታ እንቁላል የምትጥል እራት እስክትሆን የሚወስድባት ጊዜ በቤተ ሙከራ ተለክቷል። በ27 ዲግሪ 24 ቀን፣ በ20 ዲግሪ ገደማ 40 ቀን፣ በ14 ዲግሪ ደግሞ 76 ቀን ነው። ከእነዚህ ቁጥሮች አንድ ቀላል ሒሳብ ይወጣል። ከ8 ዲግሪ በታች እድገቷ ይቆማል፤ ስለዚህ ከቀኑ አማካይ ሙቀት ላይ 8 ይቀነስ። የቀረው በየቀኑ ይደመር። ድምሩ 460 አካባቢ ሲደርስ አንድ ትውልድ ተጠናቋል ማለት ነው።

ይህን ሒሳብ ወደ አገራችን እናምጣው። ቆላው ላይ አማካዩን ሙቀት 24 ዲግሪ ብንወስድ፣ 8 ሲቀነስ 16 ይቀራል፤ 460 ለ16 ሲካፈል 29 ቀን ይሆናል። ወይና ደጋው ላይ 19 ዲግሪ ብንወስድ ውጤቱ 42 ቀን ነው። ደጋው ላይ 13 ዲግሪ ብንወስድ ደግሞ 92 ቀን ይሆናል። ቲማቲም ከመደብ ተነቅሎ ከተተከለ ጀምሮ ለቀማው እስኪያበቃ አራት ወር ማለትም 120 ቀን ማሳ ላይ ይቆያል ብንል፣ በቆላው አራት ትውልድ፣ በወይና ደጋው ሁለት ትውልድ፣ በደጋው አንድ ትውልድ ይጠናቀቃል።

አራትና ሁለት ሲባል ልዩነቱ እጥፍ ብቻ የሚመስለው ካለ፣ ገንዘብ አበዳሪ ያልሆነ ሰው ነው። ነገሩ ወለድ ላይ ወለድ ነው። አንዲት እራት በዕድሜዋ እስከ 260 እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ከዚህ ሁሉ ለእራትነት የሚበቁት ከሁለቱም ፆታ 20 ብቻ፣ ከእነሱም 10 ሴት ናቸው እንበል። ከአንዲት እራት ተነሥተን በደጋው አንድ ትውልድ ብንቆጥር 10 ሴት እናገኛለን። በወይና ደጋው ሁለት ትውልድ 100 ይሆናል። በቆላው አራት ትውልድ ግን 10,000 ይደርሳል። የሙቀቱ ልዩነት 11 ዲግሪ ብቻ ነው፤ የተባዩ ልዩነት አንድ ሺሕ እጥፍ ሆነ።

እርግጥ ማሳ ቤተ ሙከራ አይደለም። ጠላት ነፍሳት አሉ፤ መድኃኒት ይረጫል፤ ሙቀቱ 35 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ቱታ ራሷም ትጎዳለች። ሆኖም የሒሳቡ መልእክት አይለወጥም። ከወትሮው በአንድና በሁለት ዲግሪ የሞቀ ወቅት ለገበሬው ትንሽ ላብ፣ ለተባዩ ግን ተጨማሪ ትውልድ ነው። ያ ተጨማሪ ትውልድ የሚመጣው ደግሞ በመጨረሻው፣ ፍሬው ሊለቀም ሲል ነው። ነጋዴው ማሳውን ጎብኝቶ «ጥሩ ነው» ብሎ በተመለሰ በሦስተኛው ሳምንት ያው ማሳ ሌላ ሆኖ የሚጠብቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ቅጠሉን የማያጥበው ውኃ

ሁለተኛው ዳኛ ዝናብ ነው። ኃይለኛ ዝናብ ቅጠል ላይ የተጣለ እንቁላልንና ነጭ ዝንብን አጥቦ ያወርዳል፤ እራቶች እንዳይበሩ ያግዳል፤ አፈር ውስጥ ገብተው ወደ እራትነት የሚለወጡትንም ያጠፋል። ስለዚህ በክረምት የነፍሳቱ ቁጥር ይቀንሳል። ይህ ግን ለቲማቲም የምሥራች አይደለም። እርጥበትና ጭጋግ ሲበዛ ባለሙያዎች ሌት ብላይት የሚሉት በሽታ ቅጠሉንም ፍሬውንም በቀናት ውስጥ ያጠቁራል። በሌላ አነጋገር ዝናብ አንዱን ጠላት ሲያስወጣ ለሌላው በር ይከፍታል። ገበያው ግን ሁለቱንም በአንድ ስም «እጥረት» ብሎ ይጠራቸዋል። በክረምት የሚታየው እጥረት በአመዛኙ የበሽታ ሲሆን በሞቃቱ ደረቅ ወቅት የሚታየው የነፍሳት ነው። መፍትሔያቸውም፣ የሚቆዩበት ጊዜም የተለያየ ነው።

በበጋ በመስኖ የሚመረተው ቲማቲም ልዩ ጠባይ አለው። ውኃው በቦይ ገብቶ ሥሩን ያጠጣል እንጂ ቅጠሉን አይነካውም። ተክሉ ለምልሞ ያድጋል፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ እንቁላሉን የሚያጥበው ነገር የለም። ለተባይ ከዚህ የተመቸ ቤት ሊሠራለት አይችልም። እስከ ጥር ድረስ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ እርባታው ይገታል። ከየካቲት በኋላ ቀኑም ሌሊቱም እየሞቀ ሲሄድ ግን የ460ው ሒሳብ ይፈጥናል። በጥር ተተክሎ በሚያዝያና በግንቦት የሚለቀመው ቲማቲም ከሁሉም የበለጠ ትውልድ የሚሸከመው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ወቅት ደግሞ ዐቢይ ጾም ገብቶ ቲማቲም በየቤቱ በብዛት የሚፈለግበት ነው። ፍላጎት ሲወጣ አቅርቦት በተባይ የሚቀነስበት መስቀለኛ መንገድ እዚህ ላይ ነው።

አንድ ደመና፣ ሁለት ገበያ

በዚህ መስቀለኛ መንገድ ላይ የሚቆም አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ እሱም በልግ ነው። የበልግ ዝናብ ከየካቲት እስከ ግንቦት ይጠበቃል። በመንዝ ደጋ ገብስ የሚዘራበት ዝናብ ነው። ከግርጌ ላለው ቆላ ደግሞ ሞቃቱን ወቅት በመካከሉ ሰብሮ የተባዩን ቁጥር የሚቀንስ፣ ማንም ሒሳብ የማይጠይቅበት ነፃ መድኃኒት ነው። በልግ በጊዜው ሲገባ ደጋውም ቆላውም ይጠቀማሉ። በልግ ሲቀር ግን ሁለቱም አብረው ይጎዳሉ።

የደጋው ጉዳት ዝናብ በማጣት ብቻ አያበቃም። ገብስም የራሱ ተባይ አለው። የሩሲያ የስንዴ ክሽክሽ የሚባለው ተባይ በአገራችን መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1972 ትግራይ ውስጥ ነው። ከዚያ በወሎ በኩል ወደ ሰሜን ሸዋ ደጋ ወርዶ የገብስ አምራቹ ቋሚ ችግር ሆኗል። ክሽክሹ ቅጠሉን እንደ ቱቦ ጠቅልሎ በውስጡ ስለሚኖር የሚረጭ መድኃኒት በቀላሉ አያገኘውም። ሴቷ ወንድ ሳያስፈልጋት፣ እንቁላልም ሳትጥል ልጆቿን በሕይወት ትወልዳለች። እዚህም ወለድ ላይ ወለድ ነው። ዝናብ ሲዘንብና ገብሱ ሲጠነክር ክሽክሹ አይስፋፋም። ዝናብ ተቋርጦ ገብሱ ውኃ ሲጠማው ግን ይባዛል። በዚህ ጉዳይ ደብረ ብርሃን የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ተባዩን የሚቋቋሙ የገብስ ዝርያዎች ላይ ሲሠራ ቆይቷል።

ይህን ለነጋዴው ቋንቋ ብንተረጉመው አንድ ያልተጠበቀ ነገር እናገኛለን። በሰሜን ሸዋ መስመር የሚሠሩ ብዙ ነጋዴዎች ከደጋ እህል፣ ከቆላ አትክልት ይገዛሉ። እምነታቸውም አንዱ ቢከስር ሌላው ይክሰኛል የሚል ነው። እንቁላልን ሁሉ በአንድ ቅርጫት አለማስቀመጥ የሚባለው ትምህርትም ይህንኑ ይመክራል። ነገር ግን ሁለቱን ቅርጫቶች የተሸከመው አህያ አንድ ከሆነ፣ ቅርጫቱ ሁለት መሆኑ ምን ይጠቅማል? በልግ ሲቀር መንዝ ላይ በክሽክሽና በድርቅ ገብስ ይጠፋል፤ በዚያው ሰሞን ቆላው ላይ በቱታና በነጭ ዝንብ ቲማቲም ይጠፋል። ምርቶቹ ይለያያሉ፣ ተባዮቹም ይለያያሉ፤ ደመናው ግን አንድ ነው። አደጋን መከፋፈል የሚፈልግ ነጋዴ ከፍታን ሳይሆን ዝናብን መቀየር አለበት። ለምሳሌ ከሰሜን ሸዋ ቆላ የሚገዛውን በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዙሪያ ወይም በጣና አካባቢ ካለው ምርት ጋር ማጣመር፣ ከመንዝ ገብስ ጋር ከማጣመር ይልቅ ያዋጣል።

ይህ የንድፈ ሐሳብ ስጋት ብቻ አለመሆኑን እ.ኤ.አ. 2015 አሳይቷል። በዚያ ዓመት መጀመሪያ በልጉ፣ ቀጥሎም በኤል ኒኞ ምክንያት ክረምቱ በሰሜን ምሥራቅ የአገሪቱ ክፍል ተበላሽቶ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ፈላጊ ሆኖ ነበር። የአየር ጠባይ ከሩቅ መጥቶ ተባይ ሊያስከትል እንደሚችልም የበረሃ አንበጣ አስተምሮናል። እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለት ከባድ አውሎ ነፋሶች በዓረብ በረሃ ላይ ያልተለመደ ዝናብ ጥለው አንበጣው በማይታይበት ቦታ በተከታታይ ትውልድ ተራባ። ያ መንጋ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የወሎንና የሰሜን ሸዋን ቆላማ ወረዳዎች ማሽላና ጤፍ ሲያወድም ያየ ሰው፣ የኦማን ዝናብ ከሸዋ ገበያ ጋር ምን አገናኘው ብሎ አይጠይቅም።

ቀብድ የተከፈለበት ማሳ

የዚህ ሁሉ ጉዳት በማን ላይ ያርፋል? የቲማቲም ንግድ በብዛት የሚካሄደው በቁሙ ግዢ ነው። ደላላው ማሳውን አይቶ ገዢና ገበሬ ያገናኛል፤ ገዢው ቀብድ ይከፍላል፤ ለቀማው ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ይጀመራል። በመካከሉ ያለው ጊዜ በቆላው ሙቀት ለአንድ ተጨማሪ የቱታ ትውልድ የሚቀራረብ ነው። ማሳው ከተበላ ሁለት ነገር ይከሰታል። ወይ ገዢው ቀብዱን ጥሎ ይሄዳል፣ ወይም ዋጋ ቁረጥ እያለ ገበሬውን ያስጨንቃል። ገበሬው ይህን ስለሚያውቅ ቀብድ ከተቀበለ በኋላ በየሁለትና በየሦስት ቀኑ መርጨት ይጀምራል።

ርጭቱ ሲበዛ ሦስት ኪሳራ ይመጣል። አንደኛው ለመድኃኒቱ የሚወጣው ገንዘብ ነው። ሁለተኛው የመድኃኒቱ አቅም ማነስ ነው። ቱታ ለበርካታ የመድኃኒት ዓይነቶች የመቋቋም ችሎታ እንዳዳበረች በደቡብ አሜሪካና በአውሮፓ ተረጋግጧል። ከዚህም በላይ ርጭቱ የቱታን ጠላት የሆኑትን ነፍሳት ስለሚፈጅ የሚተርፉት እራቶች ያለ ተቆጣጣሪ ይራባሉ። ሦስተኛው፣ ከመጨረሻው ርጭት እስከ ለቀማው መቆየት ያለበት ጊዜ ሳይጠበቅ ፍሬው ሳጥን ውስጥ መግባቱ ነው። ይህ ኪሳራ በደረሰኝ ላይ አይጻፍም፤ የሚከፈለው በሸማቹ ጤና ነው። ወደ ጎረቤት አገሮች መላክ የሚያስብ ባለሀብት ደግሞ በድንበር ላይ በምርመራ ይከፍለዋል።

ገበያው ራሱ ተባይ ሲያረባ

እስካሁን የተነገረው አየሩ ገበያውን እንዴት እንደሚመታ ነው። ተቃራኒውም እውነት ነው። ኢኮኖሚክስ ያጠና ሰው የሸረሪት ድር የሚባለውን ንድፈ ሐሳብ ያስታውሰዋል። ዘንድሮ ዋጋ ሲወጣ ሁሉም ይተክላል፤ ሁሉም ሲተክል ዋጋ ይወድቃል፤ ዋጋ ሲወድቅ ሁሉም ይተዋል፤ ከዚያ እንደገና ይወጣል። በቲማቲም ላይ ይህ ድር አንድ ተጨማሪ ክር አለው። ዋጋ በወጣበት ዓመት ገበሬው ያለ ዕረፍት ደጋግሞ ይተክላል፤ የተለቀመው ማሳ ሳይነቀል አጠገቡ አዲስ ችግኝ ይገባል። ብርድና ዝናብ ተባዩን በዓመት አንድ ጊዜ የሚሰብሩት የሚበላው ሲያጣም ጭምር ነው። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ቲማቲም ካገኘ ግን ክፉውን ወቅት በድልድይ ይሻገረዋል። ያኔ ዋጋው ሲወድቅ ያልተለቀመው ፍሬ ማሳ ላይ ይቀራል፤ እሱም ለቀጣዩ ትውልድ ቀለብ ይሆናል።

የሚዘዋወረው ሳጥንም የራሱ ድርሻ አለው። ለረጅም ዘመን ፒያሳ አጠገብ የነበረው የአዲስ አበባ አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፣ ቀጥሎም ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ተዛውሯል። ቦታው ቢለወጥም አሠራሩ አንድ ነው። ከየአቅጣጫው የመጣ ሳጥን እዚያ ይገናኛል፤ ባዶውም ሳይታጠብ ወደየማሳው ይመለሳል። በሳጥኑ ጥርስ ውስጥ የተደበቀ ትል ወይም ኩብኩባ ከአንዱ ቆላ ወደ ሌላው ያለ ቲኬት ይጓዛል። ትሏ ድንችም ስለምትበላ ቲማቲም በማይበቅልበት ከፍታ እንኳ መቆያ አታጣም።

ምን ይደረግ?

አባቶች «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላሉ። በዚህ ጉዳይ ርጥቡ ሦስት ሳምንት ያህል ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ነጋዴው፣ ደላላውና ባለሀብቱ ሊያደርጉ የሚችሉት አለ።

የመጀመሪያው መረጃ ነው። የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የበጋ፣ የበልግና የክረምት ትንበያ ከማውጣቱም ሌላ በየ10 ቀኑ የግብርና አየር ጠባይ መግለጫ ያወጣል። ነጋዴ ይህን የገበሬ ጉዳይ አድርጎ ያልፈዋል። ሆኖም በየካቲትና በመጋቢት ሁለት ተከታታይ መግለጫዎች ከወትሮው የደረቀና የሞቀ አየር ካሳዩ፣ የሚያዝያ ቲማቲም አቅርቦት እንደሚያንስ በማሳ ሳይዞር ሊገምት ይችላል። የ460ው ሒሳብ እርሳስና ወረቀት እንጂ ሌላ አይጠይቅም።

ሁለተኛው ወጥመድ ነው። የሴቷን ጠረን አስመስሎ በተሠራ ማማለያ ወንዶቹን እራቶች የሚይዝ ወጥመድ አለ። ተባዩን ብቻውን ባያጠፋም ቁጥሩን ይናገራል። በአንድ ማሳ በሳምንት የተያዘው ቁጥር ካለፈው ሳምንት በእጥፍ ከጨመረ አዲስ ትውልድ ወጥቷል ማለት ነው። ቀብድ የሚከፍል ገዢ ሳጥን እንደሚያቀርብ ሁሉ ይህንንም ቢያቀርብ ዋጋው ለሁለቱም ወገን ግልጽ ይሆናል። ገበሬውም የሚረጨው በፍርሃት ሳይሆን በቁጥር ይሆናል።

ሦስተኛው ውሉ ነው። ማሳን በጅምላ በቁሙ ከመግዛት ይልቅ በለቀማ፣ በተመረጠና ባልተመረጠ ፍሬ ለይቶ መግዛት ጉዳቱን ያለአግባብ በአንድ ወገን ላይ ከመጣል ያድናል። የመጨረሻው ርጭት ቀንም በውሉ ይግባ። የኢንሹራንስ ኩባንያዎችም የሚያስቡበት ነገር አለ። በዝናብ ልኬት ላይ የተመሠረተ የሰብል ኢንሹራንስ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በትግራይ በጤፍ ተሞክሯል። ያ አሠራር የሚክሰው ዝናብ ሲጠፋ ነው። ዝናብ ሲጠፋ ተባይ እንደሚመጣ ከታወቀ ግን መስኖ ስላለው ብቻ ከዚህ አገልግሎት ውጪ የቀረው የቲማቲም አምራች ሊካተት የማይችልበት ምክንያት የለም።

አራተኛው የአዝመራ ዕረፍት ነው። የአንድ መስኖ ተጠቃሚዎች በሙሉ በዓመት ለተወሰኑ ሳምንታት ቲማቲምና ድንች ሳይተክሉ፣ የተለቀመውንም ነቅለው ቀብረው ወይም አቃጥለው ቢያርፉ የተባዩ ወለድ ይቋረጣል። አንድ ገበሬ ብቻውን ቢያርፍ ግን ከጎረቤቱ ይመጣበታል። ስለዚህ ይህ በማኅበርና በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ደረጃ የሚወሰን ነው። ሽንኩርትና ማሾ ቦታውን ሊሸፍኑ ይችላሉ፤ ሁለቱም ገበያ አላቸው።

አምስተኛው ለባለሀብቱ ነው። ቲማቲም ማምረት የሚያስብ ሁሉ ዓይኑን የሚጥለው ቆላው ላይ ነው፤ ምክንያቱም ፍሬው ቶሎ ይደርሳል። ነገር ግን በመንዝ ደጋና በሸዋ ሮቢት መካከል፣ እንዲሁም ከዓለም ከተማ ወደ ጀማ በሚወርደው ቁልቁለት፣ ከ1800 እስከ 2200 ሜትር የሚሆን መካከለኛ ቀበቶ አለ። እዚያ ቲማቲም ይበቅላል፤ ተባዩ ግን በአራት ፈንታ ሁለት ትውልድ ብቻ ነው የሚያፈራው። ምርቱ በሳምንታት ይዘገያል፤ መሬቱ ተዳፋት ነው፤ ውኃ ማድረስ ወጪ ይጠይቃል፤ በክረምት ሌት ብላይት ያስቸግራል። ስለዚህ የሚያዋጣው በበጋና በበልግ ነው። ይሁንና ለመድኃኒት የማይወጣው ገንዘብና በቆላው ምርት በሚጠፋበት ሰሞን የሚገኘው ዋጋ ከዚህ ወጪ ጋር ተነጻጽሮ መታየት ይገባዋል። እስከ ዛሬ በፕሮጀክት ጥናቶች ላይ የመሬት ኪራይ፣ የጉልበትና የትራንስፖርት ወጪ ሲሰላ፣ ከፍታ የሚያድነው የተባይ ወጪ በሒሳብ መዝገብ ሲገባ ብዙም አይታይም።

አየሩን ማዘዝ አይቻልም። የበልግን መቅረት ነጋዴ አያስቀረውም፤ መንግሥትም አያስቀረውም። ሆኖም ሰማዩ ለገበሬው ብቻ የሚናገር ይመስል ጆሮን ደፍኖ የሰኞን ዋጋ መጠበቅ ቀብድን ለእሳት እራት ማበደር ነው። የሚቀጥለው የበልግ ትንበያ ሲወጣ ከዋጋ ዝርዝሩ ጎን ይቀመጥ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ደላላ የማሳ ዋጋ ሲጠየቅ ሙቀቱንም አብሮ ይናገራል።